ከፍኖተ ሰላም ሁለት ዲግሪ ሲቀነስ

ባለቤቴ ማስተርሱን የሠራው በእኔ ግድግዳ ነው። ይህን ስል የሚስቁ አሉ፤ እኔም ለጓደኞቼ ሳወራው ቀልድ አስመስዬ ነው የምጀምረው። ቀልድ ግን አይደለም። ፍኖተ ሰላም ላይ የተከራየሁት የጭቃ ቤት፣ የመኝታ ክፍሉ ግድግዳ፣ ዛሬ በጠንካራ ሽፋን ተጠርዞ አንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጧል። ሽፋኑ ላይ የእሱ ስም ነው ያለው።

ሁለታችንም የፊዚክስ መምህራን ነን። የተዋወቅነው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ አንድ ክፍል፣ አንድ የቤተ ሙከራ ቡድን። ያኔም ሪፖርቱን የምጽፈው እኔ ነበርሁ፣ እሱ ደግሞ ቆሞ ያቀርበው ነበር። ድምፁ ያምራል፤ ሰው ፊት መቆም አይፈራም። ተጋባን። እኔ ፍኖተ ሰላም ተመደብሁ፣ እሱ ቡሬ። ርቀቱ ይህን ያህል የሚያስወራ አይደለም፤ መሐል ላይ ማንኩሳን አልፎ መድረስ ነው። ሚኒባስ ካለና መንገዱ ክፍት ከሆነ አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምሮ እንደ መውጣት ነው። መንገድ ሲዘጋ ግን ቡሬ ከአዲስ አበባም ትርቃለች። በእነዚህ ዓመታት መንገዱ እንዴት እንደ ኖረ ለዚህ አገር ሰው መንገር አያስፈልግም።

ማስተርስ ለመማር ሁለታችንም በአንድ ዓመት ማመልከት እንችል ነበር። ልጃችን ግን ገና ጡት አልጣለችም፤ የክረምት ተማሪ ማደሪያ ደግሞ ልጅ አያስገባም። እናቴ ካረፈች ቆይታለች፤ ልጅ የሚይዝልኝ የቅርብ ዘመድ የለኝም።

«አንተ ቅደም» አልሁት። «ስትጨርስ በማስተርሱ ነጥብ ወደ እኛ ትዛወራለህ። ክረምት ክረምት ልጅቷን አንተ ትይዛለህ፣ እኔ እሄዳለሁ።»

«ምን ጥያቄ አለው!» አለኝ።

ለርእሰ መምህራችንም ነገርኋቸው። በእኛ ትምህርት ቤት ከአንድ ዲፓርትመንት በአንድ ጊዜ የሚለቀቀው አንድ ሰው ነው፤ ተራ ይጠበቃል፣ ተራውን ያሳለፈ ደግሞ ወደ ጭራ ይመለሳል። ባለቤቴ የሚጨርስበት ዓመት የእኔ ተራ እንዲሆን ተስማማን። ከዚያ በኋላ የኖርሁት ይህን አንድ ነገር ስጠብቅ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር እሱን መናኸሪያ ሸኝቼ በጭቃው ስመለስ፣ የሚቀጥለው ሻንጣ የእኔ ነው እላለሁ። ለራሴ ነው የምለው፤ ለሌላ ሰው ብናገር የሚበላሽብኝ ይመስለኝ ነበር።

የመመረቂያ ሥራውን ርእስ ያገኘሁለትም እኔ ነኝ። የእኔ ቤት ቀን ደጁ ሲቃጠል ውስጡ ቀዝቀዝ ይላል፤ ማታ ደጁ ሲበርድ ውስጡ ይሞቃል። የእሱ የቡሬ ክፍል ብሎኬት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ምድጃ ይሆንና ፀሐይ ስትጠልቅ ያንቀጠቅጣል። የጭቃው ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ የቀኑን ሙቀት ይውጥና አዘግይቶ ነው የሚያስገባው፤ ብሎኬቱ እንዳገኘ ይሰጣል። ታዲያ ይህን መዘግየት ለምን አንለካውም አልሁት። አንዱ ግድግዳ እኔ ጋ፣ አንዱ ግድግዳ እሱ ጋ። አማካሪው ሐሳቡን ወደደው፤ «ከራስህ ኑሮ የወጣ ነው» ብሎ አመሰገነው።

ዕቃው ብዙ አልነበረም፤ ከየትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ በፊርማ የተዋስናቸው፣ ቀይ ፈሳሽ ያላቸው የመስታወት ቴርሞሜትሮች ናቸው። አንዱ ከውስጥ ግድግዳው ላይ፣ አንዱ ከውጭ ከጥላ ሥር። ከጥምቀት በኋላ ጀመርን፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ቀኑ የሚያቃጥልበት፣ ማታው የሚበርድበት ወቅት ነው። እሱ ቡሬ፣ እኔ ፍኖተ ሰላም፣ ጧት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምረን በየሦስት ሰዓቱ እስክንተኛ እናነባለን። የስድስት ሰዓቱን ለማንበብ ከትምህርት ቤት እየሮጥሁ እመጣለሁ። አከራዬ፣ ልጄን ቀን ቀን የሚይዙልኝ ትልቅ ሰው፣ ደጃፋቸው ላይ ሆነው ያዩኝና ይጣሩኛል።

«ዛሬስ እንዴት ዋለ? ትኩሳቱ በረደለት ወይ?»

«ማን እትዬ?»

«ግድግዳው ነዋ! ለባልሽ እንኳ እንዲህ ስትሮጭለት አላየሁ።»

እስቅ ነበር። ያኔ ያስቀኝ ነበር።

ማታ ማታ ያነበብሁትን ሁሉ በስልክ መልእክት እልክለታለሁ። «ሁለቱም አንድ ቦታ ይቀመጥ፣ ስልክሽ ቢጠፋስ» ብሎኝ ነው። እሱ ደግሞ የእሱን በሳምንት አንድ ጊዜ ይልክልኛል፤ ምክንያቱም ኮምፒውተር ላይ የማስገባውና ግራፉን የምሠራው እኔ ነኝ። ትምህርት ቤታችን አንድ ጊዜ አጭር ሥልጠና ሰጥቶን ነበር፤ ቁጥሮቹን ስታስገባለት ግራፍ የሚሥል፣ በነጥቦቹ መሐል የሚያልፈውን መሥመር ፈልጎ የሚያሠምር፣ አንዱን ዓምድ ከሌላው የሚቀንስ ነጻ ሶፍትዌር ነው። እኔ ወደድሁት። የተማሪዎቼን የቤተ ሙከራ ሥራ ሁሉ በእሱ አሳያቸው ጀመር። ባለቤቴም ሞክሮት ነበር፤ አንድ ከሰዓት ታገለና «ይሄ ለአንች ነው የተፈጠረ፣ እጅሽ ይቀናዋል» ብሎ ላፕቶፑን ወደ እኔ ገፋው። መመስገን ደስ ይላል፤ ሥራው የእኔ ሆኖ ቀረ።

መጀመሪያ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣ ነበር። የቡሬውን ቴርሞሜትር ያን ጊዜ ጎረቤቱ ያነብለታል፤ ወፍጮ ቤት የሚሠራ ጨዋ ሰው ነው። በየካቲት አጋማሽ ላይ ግን ደወለና «ሰውዬውን ማመን አልቻልሁም፤ ዳታው እንዳይበላሽ ቅዳሜና እሁድም እዚሁ ልሁን» አለኝ። ምን እላለሁ? እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ለሥራው ተጨነቀ ብዬ። ልጄ «አባዬስ?» ስትለኝ «ግድግዳ እየጠበቀ ነው» እላታለሁ። እሷም አከራያችንን «አባዬ እኮ ግድግዳ ይጠብቃል» ትላቸዋለች። እሳቸው ዝም ይላሉ። በእሳቸው ዕድሜ ያለ ሰው ዝም ሲል አንድ ነገር ማለቱ እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ።

መጋቢት ውስጥ፣ ፍኖተ ሰላም በሚያቃጥልበት ሰሞን፣ አንድ እሁድ ለቅሶ ደርሼ ስመለስ ዘጠኝ ሰዓት ሊያልፍብኝ ነው። ነጠላዬን እንኳ ሳላወርድ መኝታ ክፍል ገባሁ። ቴርሞሜትሩ ሠላሳ አምስት ይላል። የደጁ ሠላሳ ነው። የጭቃ ቤት ከደጁ በልጦ ሞቆ! ዓይኔን አሽቼ ደግሜ አየሁት፤ ያው ነው። የሙከራ ሕጉ ግን ያየኸውን ጻፍ፣ ምክንያቱን በኋላ ፈልግ ነው። ጻፍሁት። ማታም ከሌሎቹ ጋር ላክሁለት።

ምክንያቱ የተገኘው በማግሥቱ ነው። ልጄን ገላዋን ሳጥባት «እማ፣ እኔ ወባ የለብኝም» አለችኝ።

«ማን አለሽ?»

«ለካሁት እኮ።» ብብቷን ከፍታ አሳየችኝ።

በጥቅምት ወባ ይዟት ጤና ጣቢያ ስንመላለስ ነርሷ ብብቷ ሥር እያደረገች ስትለካት አይታለች። ወንበር ላይ ወጥታ ቴርሞሜትሩን አውርዳ፣ ብብቷ ሥር ይዛው ተኝታ፣ የእኔን የበር ድምፅ ስትሰማ መልሳ ሰቅላዋለች። ደግነቱ አልሰበረችውም። ከት ብዬ ሳቅሁ። ለአባቷ ልንገረው ብዬ ስደውል ኔትወርክ የለም፤ ያን ሳምንት ጠፍቶ ሰነበተ። ሲመለስ ደግሞ ሌላ ሌላ ስናወራ ተረሳኝ። ደብተሬ ላይ ብቻ ቁጥሩን በእስክሪብቶ ከበብሁት።

ከፋሲካ በፊት አማካሪው ግራፉን ፈለገ። ቅዳሜ ጧት የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ ተቀብዬ ገባሁ። መብራት አለ፤ እስኪጠፋ ድረስ ልጨርስ ብዬ እየተጣደፍሁ መጀመሪያ የራሴን ሣልሁ። ግራፉ ያምር ነበር። የደጁ ሙቀት ይወጣል፣ ይወርዳል፤ የውስጡ ቆየት ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ዝቅ ብሎ ይከተለዋል። ወራት ሙሉ የሮጥሁበት ነገር መልክ አውጥቶ ስክሪን ላይ ሲተኛ ሳይ ኮራሁ። ያቺ እሁድ ብቻ እንደ እሾህ ብቻዋን ቆማለች። አሁንም ሳቅሁ። ከዚያ የቡሬውን የውስጥ ሙቀት በቀይ ጨመርሁበት።

ቀዩም በዚያው እሁድ፣ በዚያው ዘጠኝ ሰዓት፣ እሾህ አወጣ።

ተሳስቼ የራሴን ቁጥር እሱ ዓምድ ውስጥ አስገብቼ ነው አልሁ። ስልኬን ከፍቼ የላከውን መልእክት ፈለግሁ። ሠላሳ ሦስት ይላል። አልተሳሳትሁም። ልጄ ደግሞ ቡሬ ሄዳ አልለካችም።

እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ሲያይ ወዲያው ይገባዋል ይባላል። እኔ አልገባኝም፤ ወይም እንዲገባኝ አልፈለግሁም። ፀሐይ በመስኮት መትቶት ይሆናል አልሁ። ክፍሉ ውስጥ ምድጃ አንድዶ ይሆናል አልሁ። ለሰውዬው ስንት ሰበብ እንደ ፈለግሁለት ሳስበው አሁንም ያናድደኛል። በመጨረሻ ሶፍትዌሩን የእኔን ዓምድ ከእሱ ዓምድ እንዲቀንስና ልዩነቱን እንዲሥልልኝ አዘዝሁት።

የእውነት የተለካ ነገር ሲቀናነስ ይንቀጠቀጣል። ቡሬ ደመና ሲሆን እኛ ጋ ፀሐይ ነው፤ ብሎኬቱ ቶሎ ይሞቃል፣ ጭቃው ይዘገያል፤ ልዩነቱ አንዴ ይሰፋል አንዴ ይጠባል። እስከ የካቲት አጋማሽ ያለው መሥመር ልክ እንደዚያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው ግን በማስመሪያ የተሠመረ ነው። ሁለት ዲግሪ ዝቅ። ጧትም ሁለት፣ ቀትርም ሁለት፣ ማታም ሁለት። እዚህና እዚያ ግማሽ ዲግሪ ጣል አድርጎበታል፤ ለመልክ። ቡሬ ከእኛ ከፍ ያለ ስለሆነ ቀዝቀዝ ማለቱ ያስኬዳል ብሎ ነው እንግዲህ፤ ማታ ማታ የምልክለትን ቁጥር ይቀበላል፣ ሁለት ይቀንሳል፣ ይጽፋል። ብሎኬት ቶሎ እንደሚሞቅ ራሱ ተከራክሮ ያስፈቀደው ሰውዬ፣ የብሎኬት ቤቱን ጭቃ አደረገው። ለማስመሰል እንኳ አልተጨነቀልኝም።

የተናደድሁት በመኮረጁ አይደለም። ተማሪዎቼ በየዓመቱ ይኮርጃሉ፤ እቆጣለሁ፣ ነጥብ እቀንሳለሁ፣ እረሳለሁ። ያቃጠለኝ መሥመሩ ቀጥ ያለበት ጊዜ ነው። «ዳታው እንዳይበላሽ ቅዳሜና እሁድም እዚሁ ልሁን» ያለኝ በዚያው ሳምንት ነበር። ግድግዳውን መጠበቅ ጀመርሁ ባለኝ ሰሞን ነው መጠበቅ ያቆመው።

ኮምፒውተሩን ዘግቼ ልጄን ለአከራዬ ትቼ መናኸሪያ ወረድሁ። ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈትሸን፣ ማንኩሳን አልፈን፣ ቡሬ ስደርስ ከቀትር በኋላ ሆኗል። በወፍጮ ቤቶቹ በኩል የበርበሬው ብናኝ ያስነጥሳል፤ ዓይኔ ሲያለቅስ ያየ ሰው በርበሬው ነው ብሎ ይለፈኝ ብዬ ቀስ ብዬ ሄድሁ። የእሱ በር ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ጎረቤቱ ዱቄት እንደ ለበሰ ከክፍሉ ወጣ፤ ያው ማመን አልቻልሁም የተባለው ሰው ነው።

«መምህር ቅዳሜማ አይኖሩም» አለኝ። «ዓርብ ማታ ነው ወደ ባሕር ዳር የሚሄዱ። አልነገሩዎትም እንዴ?»

«ሙቀቱንስ ማን ያነባል?»

«ያንንማ ካወረዱት ቆዩ። እኔ ሳነብ አጥፍቼባቸው እንደሁ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ‹የለም፣ በቃ ሥራው አልቋል› አሉኝ።»

በመስኮቱ አየሁ። መጋረጃው ገርበብ ብሏል፤ ግድግዳው ላይ ባዶ ሚስማር አለ። ሰውዬው ይግቡ፣ ቁጭ ይበሉ፣ ውኃ ልስጥዎት ሲል እምቢ ብዬ ወጣሁ። ሚኒባስ ውስጥ እስክገባ አላለቀስሁም፤ ከገባሁ በኋላ ግን ማንም ምንም ይበል ብዬ አለቀስሁ።

በማግሥቱ እሁድ ከባሕር ዳር ሲመለስ ቡሬ ሳይወርድ ቀጥ ብሎ እኛ ቤት መጣ። ጎረቤቱ ደውሎለት ይሆናል። ልጄ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ሙዝ ይዞላት መጥቷል። እሷን ወደ አከራዬ ልኬ በሩን ዘጋሁ።

«አንድ የግል ኮሌጅ አለ» አለኝ ሳልጠይቀው። «ቅዳሜና እሁድ እያስተማርሁላቸው ነው። ማስተርሱን ስይዝ በቋሚነት ይቀጥሩኛል።»

«መቼ ልትነግረኝ ነበር?»

«ሲያልቅ። አሳምሬ ልነግርሽ ነበር።»

«ዝውውሩስ?»

«ፍኖተ ሰላም ምን አለ ብለሽ ነው? ለእኛ ስል እኮ ነው። ቦታ ልያዝና ቀስ ብላችሁ ትመጣላችሁ።»

«ክረምት ልጅቷን ማን ይይዛል? ተራው ዘንድሮ የእኔ ነው።»

«ተራ የትም አይሄድም» አለ። የእኔ ተራ እንደሚሄድ ግን ያውቃል፤ የትምህርት ቤታችንን ደንብ ከእኔ እኩል ነው የሚያውቀው።

ከትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር በፍላሽ የገለበጥሁትን ግራፍ በእሱ ላፕቶፕ ከፍቼ አሳየሁት። ሁለቱን እሾሆች፣ ከሥራቸውም ያንን የተሠመረ መሥመር። ያፍራል ብዬ ጠበቅሁ። ጎንበስ ብሎ አየና ጣቱን እሾሁ ላይ አደረገ።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«የልጅህ ብብት ናት።» ነገርሁት። ወባው፣ ወንበሩ፣ ሁሉንም።

ሳቀ። እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ልጁ ናትና ሊያስቀው ይችላል፤ እኔም ስቄያለሁ። እኔ ግን የሳቅሁት ብቻዬን በነበርሁበት ቤት ነው፤ እሱ የሳቀው ትቶት በሄደው ቤት ነው። ያን ዕለት የጠላሁትን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም።

«አጥፊያታ» አለኝ ሳቁን ሲጨርስ። «ሶፍትዌሩ ያጠፋ የለም ወይ? ሌላውንም ትንሽ ትንሽ አንቀጥቅጭው። አንች ካስተካከልሽው ማን ያውቃል?»

«ባላስተካክለውስ?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሲያባብል ነው እንደዚያ የሚያደርገው። «እንግዲህ አልመረቅም። እኔ ካልጨረስሁ ደግሞ የአንችም ተራ አይመጣም። አስቢበት።»

እኔን ያሰረኝ በራሴ ቃል ነው። «ባለቤቴ እንደ ጨረሰ» ብዬ ለርእሰ መምህሩ የነገርሁት እኔ ነኝ። ቢወድቅ ተራዬ ይወድቃል፤ ቢያልፍ እሱ ባሕር ዳር ይቀራል፣ ልጄም እኔም እዚሁ። ሳምንቱን ሙሉ ክፍል ገብቼ ስለ ግጭትና ፍጥነት እያስተማርሁ ሐሳቤ እዚያ ግራፍ ላይ ነበር። ለአማካሪው ልደውል ስልኩን አንሥቼ አስቀምጫለሁ። ለአከራዬ ልንገራቸው ብዬ ጀምሬ ወሬ ቀይሬያለሁ። ባሌ ሌባ ነው ብሎ መናገር ከምታስቡት በላይ ይከብዳል፤ በተለይ የሰረቀው ከእናንተው ከሆነ።

በመጨረሻ ያደረግሁት ይህን ነው። የራሴን የእሁዷን ነጥብ ከግራፉ አነሣሁ። ስሕተት መሆኑን አውቃለሁ፣ ምክንያቱንም አውቃለሁ፤ ማንሣት መብቴም ግዴታዬም ነው። የእሱን አልነካሁም። አላንቀጠቀጥሁም፣ አላጠፋሁም። ቀዩ እሾህ ብቻውን እንዲቆም ተውሁትና ግራፉን ላክሁለት። ጽሑፉን የሚገመግሙት መርማሪዎች መቼም ዓይን አላቸው፤ አንዱ ይጠይቀዋል፣ እሱ ይንተባተባል፣ እኔም ምንም ሳልናገር እውነቱ ይወጣል ብዬ ነበር። ግራፉን ደህና አድርጎ ያየው አይመስለኝም፤ አስተካክላዋለች ብሎ እንዳለ አስገባው።

ግንቦት መጨረሻ ላይ መመረቂያ ጽሑፉን በመርማሪዎቹ ፊት አቀረበ። የዚያን ቀን ደስታው በስልክ ሞልቶ ይፈስ ነበር።

«አዳንሽኝ እኮ!» አለኝ። «አንዱ መርማሪ ‹ይሄ ነጥብ ለምን በቡሬ ብቻ ታየ?› አይለኝም? ለካ የራስሽን አንሥተሽዋል። ‹ብሎኬት ቀጭን ስለሆነ ለድንገተኛ ሙቀት የተጋለጠ ነው፤ የጭቃው ግድግዳ ግን በዚያው ሰዓት ምንም አልተሰማውም› አልኋቸው። ‹ዋናው ግኝትህ ይሄ ነው፣ መደምደሚያው ላይ አጉልተህ ጻፈው› አሉኝ። ‹እጅግ በጣም ጥሩ› ነው የሰጡኝ!»

እውነቱን ልናገር፣ የራሴን ሥራ አጥርቼ ስሠራለት ውሸቱን ግኝት አደረግሁለት። የዚያን ቀን ያህል ራሴን ሞኝ አድርጌ አይቼ አላውቅም። ጽሑፉ ከተጠረዘ በኋላ አንድ ቅጂ ላከልኝ። ምስጋናው ላይ «ለውድ ባለቤቴ፣ ስለ ትዕግሥቷ» ይላል። ስለ ዳታው፣ ስለ ግራፉ አንድ ቃል የለም። ትዕግሥቴን ግን አልረሳም።

ሰኔ ሲገባ የዲፓርትመንት ስብሰባ ተጠራ። ርእሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደሉም። ወረቀታቸውን አገላብጠው በመነጽራቸው ላይ አዩኝ።

«እንግዲህ ተራው ያንቺ ነው። ባለቤትሽ ጨረሰ አሉ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ተዛውሮ መጣ?»

«አልመጣም፣ ጋሼ።»

«ይመጣል?»

አንዱ ባልደረባዬ ወደ መስኮቱ እያየ «ልጅ ይዞ ክረምት መማር መቼም ይከብዳል» አለ፤ ለማንም እንዳልተናገረ ሰው ነው ያለው። ከእኔ ቀጥሎ ያለው ወጣት መምህር አንገቱን ደፋ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ደስ ማለቱ እንዳይታይበት ነው የደፋ። ርእሰ መምህሩ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

«እስከ ዓርብ ልጠብቅሽ። ልጅቷን የሚይዝልሽ ሰው ካገኘሽ ስምሽን እልካለሁ። ካላገኘሽ ግን የሱን ነው የምልከው፤ ከዚያ በላይ ማቆየት አልችልም።»

አከራዬን መለመን አልቻልሁም፤ ክረምቱን ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ አጠገብ ያለች ልጃቸው ዘንድ ነው የሚከርሙት። አንድ ሰው ብቻ ቀረ። ልደውልለት ቃላት እየመረጥሁ ከትምህርት ቤት ስወጣ እሱ ቀድሞኝ ደወለ። መልካም ምልክት መሰለኝ።

«ስሚ» አለኝ ገና ሰላም ሳይለኝ። «ኮሌጁ ቋሚ አደረገኝ። የሰጡኝ ኮርስ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ዳታን በሶፍትዌር መተንተን! የመመረቂያዬን ግራፍ አይተው ነው። ያንን ሶፍትዌር ከአከፋፈቱ ጀምረሽ፣ ቁጥር እንዴት እንደሚገባ፣ መሥመሩ እንዴት እንደሚሠመር፣ ደረጃ በደረጃ ጻፊልኝ እስኪ። ሰኞ ክፍል እገባለሁ።»

መንገድ ዳር ቆምሁ። ባጃጆች ያልፋሉ።

«እጽፍልሃለሁ» አልሁት። «ሁሉንም እጽፍልሃለሁ። አንተ ደግሞ ልጅቷን ይህን ክረምት ያዝልኝ። ባሕር ዳር አንተው ጋ ትክረም። እኔ ልማር። እስከ ዓርብ መልስ ስጠኝ፤ ካለፈ ያልፈኛል። ተራዬ ነው፤ ቃል ገብተህልኛል።»

ከኋላው መኪና ጥሩምባ ሲነፋ፣ አንዲት ሴት ሎሚ ሎሚ እያለች ስትጣራ ይሰማኛል። ትንፋሹ እንኳ ይሰማኛል።

«ሄሎ?» አለ።

«እየሰማሁህ ነው።»

«ሄሎ? ሄሎ? አይሰማኝም… ኔትወርኩ እየቆራረጠ ነው። ሄሎ? በይ፣ ለማንኛውም ሶፍትዌሩን እንዳትረሽብኝ።»

ዘጋው። ድምፁ አጠገቤ የቆመ ያህል ጥርት ብሎ ነበር የሚሰማኝ። ደግሞ ይደውል እንደሁ ብዬ ስልኩን በእጄ ይዤ እስከ ዓርብ ጠበቅሁ። ዓርብ ጧት ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገብቼ የወጣቱን መምህር ስም እንዲልኩ ነገርኋቸው።